ጌታ ፈርቷል ያለው ሰው

በሰሙነ ሕማማት ካህን መስቀሉን አያሳልምም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና ሳምንቱን ሙሉ ሰው ከሰው አይሳሳምም፤ በአንገት ነቅነቅ ተባብሎ ይተላለፋል። ይህ ሥርዓት ለመምህር ዕንባቆም ሁልጊዜ ይመቻቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጉልበታቸውን ሊስም ከሚንጋጋው ሕዝብ ለአምስት ቀን ይገላገላሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት በአንድ የጎንደር ደብር፣ መጻሕፍት በሚተረጎሙበት የመምህርነት ወንበር ላይ ተቀምጠው አሳልፈዋል። እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደወጡ በደንብ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አንደኛው ራሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ዕለት፣ በስድስት ሰዓቱና በዘጠኝ ሰዓቱ ስግደት መካከል፣ በደብሩ ግቢ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«የኔታ ዕንባቆም እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ። መስቀል ግን በዚህ ሳምንት የለም።»

«መስቀል ፈልጌ አልመጣሁም። ፀደይ እባላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ነው የምሠራው። የድብ ባሕሩ የኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ።»

መምህር ዕንባቆም ጉልበታቸውን ማሸት አቆሙ። ያንን ስም ከሰው አፍ ከሰሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በልባቸው ግን የጌቴሴማኒው ንባብ በተነበበ ቁጥር ይሰሙታል፤ እሱም በየዓመቱ ይነበባል።

«አባትሽ ደኅና ነው?»

«ሊሞት ነው።» ልጅቱ ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ለቅሶዋን ሌላ ቦታ ጨርሳ የመጣች ትመስላለች። «ጉበቱ ነው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው ሸኙት። የሰበካው ሰዎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አይቀበርም አሉን። የድሮው ደብዳቤ አልተነሣም። ደብዳቤውን የሚያነሣው የመሰከረበት ሰው ነው አሉ። አባቴም ዕንባቆምን ጥሪልኝ አለኝ።»

«ይቅርታ ሊጠይቀኝ?»

ይህ ቃል ከአፋቸው እንዴት እንደወጣ አያውቁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ውሸት ሲያስታምሙ ኖረው ውሸቱ ራሱ ይናገርላቸው ጀመር ማለት ነው። ፀደይ ትክ ብላ አየቻቸው።

«የጠራዎት ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

«ልጄ፣ ሕማማት ነው። ንባቡን የምመራው እኔ ነኝ። ትንሣኤ ይለፍና በማግስቱ ሰኞ እመጣለሁ።»

«ለትንሣኤ አይደርስም የኔታ። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። ካልመጡም ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ነቅነቅ ብላ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዕንባቆምና ኃይለ ጊዮርጊስ ባንድ ጎጆ ያደጉ ተማሪዎች ናቸው። ባንድ አኩፋዳ ለምነው፣ ባንድ ደበሎ ተኝተው፣ ከአንድ መምህር እግር ሥር ሐዲሳትን ተምረዋል። መምህሩ ሲያርፉ ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ለወንበሩ የሚታጩትም ሁለቱ ነበሩ። ሰው ሁሉ ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ያደላ ነበር። ዕንባቆም የተጻፈውን ሁሉ ያውቃሉ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ሲያስተምር ሰው ያለቅሳል። ዕንባቆም ይህን ያውቁ ነበር፣ ይህን ማወቃቸውም ያቃጥላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት በሕማማት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ተማሪዎቹን ሰብስቦ የጌቴሴማኒውን ጸሎት ሲተረጉም እንዲህ አለ፦ «ጌታ በዚያች ሰዓት እንደኛ ፈርቷል፤ ፍርሃቱ የማስመሰል አይደለም። የፈራው ግን መላእክት የሚፈሩት ያው አምላክ ነው፤ የፈራውን ለብቻ፣ የሚፈራውን ለብቻ አድርጋችሁ ሁለት እንዳትሉት።» ዕንባቆም ከኋላ ቆመው ሰሙ። ትምህርቱ ልክ ነበር፤ መምህራቸው ያስተማሯቸው ተዋሕዶ ነው፤ አምላክም ሰውም የሆነ፣ ሳይከፈል አንድ የሆነ። ዕንባቆም ማታውኑ ለሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ላይ የኃይለ ጊዮርጊስን ቃል አሰፈሩ፤ «ጌታ እንደኛ ፈርቷል፤ ፍርሃቱ የማስመሰል አይደለም» ይላል ብለው እዚያው ላይ ነጥብ አደረጉ። ሁለተኛውን ግማሽ ተዉት። ከሥሩም «ይህ ሰው ጌታን ተራ ሰው ያደርገዋል» ብለው ፈረሙ።

ጎንደር በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። በጌታ አምላክነትና ሰውነት ነገር ጉባኤ የተጠራባት፣ ሊቅ ከሊቅ የተለያየባት፣ ሰው የተሰደደባት ከተማ ናት። ያን ክስ የተከሰሰ ሰው ንጹሕ ነኝ ቢልም ሽታው አይለቀውም። ኃይለ ጊዮርጊስን ጠርተው «ብለሃል?» አሉት። «ብያለሁ፤ ሙሉውን አንብቡልኝ» አለ። ሙሉው አልነበረም። ተማሪዎቹ ፈርተው ዝም አሉ፤ ዕንባቆምም «እኔ የሰማሁት ይህን ነው» አሉ። ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከማስተማርም ከመቀደስም ከመቁረብም ታገደ። እሱ ደግሞ ግትር ነው። «ያላጠፋሁትን ጥፋት ንስሐ ብገባ ያኔ ነው የምክደው» ብሎ ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ድብ ባሕር ወረደ። የእገዳው ደብዳቤም ወደ መንደሩ ደብር ተከትሎት ወረደ። ሲያርስ ኖረ። በየበዓሉ ከቅጽሩ በር ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ወንበሩም ለዕንባቆም ሆነ።

ሌላው ቀርቶ፣ ጌታን ለሁለት የከፈለው ማን እንደሆነ አስቡት። ኃይለ ጊዮርጊስ ሙሉ አድርጎ ተናግሯል። ሰውነቱን ብቻ ጽፈው አምላክነቱን በብዕራቸው የቆረጡት ዕንባቆም ናቸው። በዚያ ጉዳይ አንድ መናፍቅ ከነበረ እሳቸው ነበሩ፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውም ያው መናፍቅ ነው።

ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ንባቡ ሲደርስ ድምፃቸው አልወጣም። «ጉሮሮዬን አመመኝ» ብለው መጽሐፉን ለሌላ ሰጡ። ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያ ሄዱ።

በሚኒባሱ ውስጥ ፀደይ አጠገባቸው ተቀምጣ አንድም ቃል አልተናገረችም። ተሳፋሪዎቹ ግን ጥምጥማቸውን አይተው አወቋቸው፤ ሹፌሩ ራሱ ዞር ብሎ «የኔታ፣ ፊት ይምጡ፣ ፊቱ ይመችዎታል» አላቸው። እሳቸው «ይኸው ይበቃኛል» አሉ። መኪናው ዳገቱን ሲያቃስት፣ ምን እንደሚሉ በልባቸው ያጠኑ ነበር። ለኃይለ ጊዮርጊስ የሚሆን አንድ ጥሩ ቃል አላገኙም።

የኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ሚስቱ የትነበርሽ በራፉ ላይ ቆማለች። ድሮ ዕንባቆም ተማሪ ሳሉ በሚማሩበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን የአባቷን በር እያንኳኩ ቁራሽ ይለምኑ ነበር፤ የምትሰጣቸውም እሷ ነበረች። ያኔ «አንተ» ነበር የምትላቸው።

«ደህና መጡ የኔታ» አለች። «ምነው፣ መንገዱ ጠፋብዎ እንዴ? ሃያ ሁለት ዓመት ነው።»

ጎንበስ ብለው ገቡ። ኃይለ ጊዮርጊስ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ ተነፍቷል። ዕንባቆምን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም የድሮው ነው፣ ለነገር የሚያዘጋጀው።

«ወንበሩ ይመቻል?» አለ።

«ኃይሌ…»

«የምር እኮ ነው የምጠይቅህ። የኔታ ያረጁት እዚያው ላይ ነው። ወገቡ ጋ ይቆረቁር ነበር፤ አሠራኸው?»

ዕንባቆም ከእግሩ ግርጌ ተቀመጡ። ማልቀስ ፈለጉ፤ ዕንባ ግን እንቢ አላቸው። ኃይለ ጊዮርጊስ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ።

«ፈራሁ ዕንባቆም። ሞትን እንዲህ የምፈራው አይመስለኝም ነበር። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የትነበርሽን እጅ እይዛለሁ። ጌታም ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ከእኔ ጋር ንቁ ብሏቸው የለ? አምላክ ሆኖ ሳለ ብቻውን መሆን ፈራ። ይህን ሳስብ ነው ትንሽ ቀለል የሚለኝ።»

«አዎ» አሉ ዕንባቆም። 

«ፍርሃት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እሱ አይፈራም ነበር። ኃጢአቱ ሰው ፈርቶ የሚሠራው ነው። እሱ ፈራ፤ ፈርቶም ወደሚይዙት ሰዎች ሄደ። አንተም ፈርተህ ነበር፤ ወንበሩ እንዳያመልጥህ። አውቃለሁ። ጠልተኸኝ አልነበረም።»

«ይቅር በለኝ።»

«በዚህ ሳምንት ይቅርታ በመሳም የለም» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አሁንም እየሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ይቅርታዬን አትፈልግ። የቆረጥካትን ሙላልኝ። ስቀበር ሰው ይሰበሰባል። በሰው ፊት ‹ይህ ሰው ሙሉውን ተናግሯል፤ ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ› በል። ሌላ አልጠይቅህም። ለኔ ብቻ አይደለም፤ ልጄ የመናፍቅ ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው።»

«እላለሁ።»

«ማል።»

«መማልማ በዚህ ሳምንት…»

«ተው እንግዲያ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «አንተን በሥርዓት ማን ይረታሃል።»

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሞተ። በመጨረሻው ሰዓት እጁን የያዘችው የትነበርሽ ነበረች። ዕንባቆም በሩ አጠገብ ቆመው ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ ወደ መደቡ ግን አልቀረቡም።

ቀብሩ በስድስት ሰዓት ሆነ። ሬሳውን በቃሬዛ አድርገው እስከ ቅጽሩ በር አደረሱትና እዚያ ቆሙ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ነው፤ የዕንባቆም የራሳቸው ደቀ መዝሙር። ሰውየው ክፉ አይደለም። ፊደል የሰጡትን፣ ወንጌል ያስተማሩትን መምህሩን በቀን አሥር ጊዜ የሚያነሣ፣ ደግ፣ ትንሽም የዋህ ሰው ነው። ከዕቃ ቤቱ በላስቲክ የተጠቀለለውን የእገዳ ደብዳቤ አወጣና በበሩ ላይ ቆመ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «እንደምታውቁት በዚህ ሳምንት ለማንም ፍትሐት አይደረግም። በሕማማት ለሚሞት ሁሉ እሑድ በሆሣዕና የተደረገው ፍትሐት ነው የሚያገለግለው። አያ ኃይሌ በሆሣዕና ከዚህ በር ውጭ በልጁ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ አይተነዋል። ጸሎቱ በሩን አልፎ ደርሶታል ወይ? ይህን የምፈርደው እኔ አይደለሁም። ይህ ደብዳቤ ንስሐ ካልገባ ከምእመናን ጋር አይቆጠርም ይላል። ዛሬ ግን እግዚአብሔር መምህራችንን፣ የጎንደርን መብራት፣ በደጃችን አምጥቶልናል። የመሰከሩት እሳቸው ናቸው። አሁንም እሳቸው ይናገሩ።»

ሕዝቡ ዞረ። መንደሩ በሙሉ ነው የወጣው። ከዕንባቆም የተማሩ ሌሎች አራት ካህናት ከየአጥቢያው መጥተዋል። የትነበርሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በቃሬዛው ራስጌ ቆማለች፤ ፀደይ ከጎኗ ናት። ዕንባቆም ወደ ፊት ወጡ። ዓረፍተ ነገሩ አፋቸው ውስጥ ነበር። ሙሉው ነበር። ይህ ሰው ሙሉውን ተናግሯል። ያ ብቻ ነው።

ከዚያ የወልደ ዮሐንስን ፊት አዩት። እንደ ልጅ ቀና ብሎ ያያቸዋል። ይህ ፊት ሲጠወልግ ታያቸው። አራቱ ካህናት እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ወሬው በመንገዱ ጎንደር ሲገባ፣ ወንበሩ ባዶውን ሲቆም፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ሁሉ «ከዚያ ሰው ነው የተማርኩት» ማለት ሲያፍር ታያቸው። ፈሩ።  ፈርተውም አፋቸውን ከፈቱ።

«ንስሐ ገብቷል» አሉ። «ትናንት በእጄ ንስሐ ገብቷል። እኔ ምስክር ነኝ። ይግባ።»

ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። ሴቶቹ በለቅሶው ላይ እልልታ ሊጨምሩ ምንም አልቀራቸውም። ቃሬዛው በሩን አልፎ ገባ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ቅጽሩን ረገጠ፣ ያውም በሰው ትከሻ። በሄደበት መንገድ ሁሉ ሰው «እንዴት ያለ ሰው ናቸው! በሕማማት፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ለጠፋው ጓደኛቸው ሲሉ ከጎንደር ድረስ…» ይባባላል። አያ ቢያዝን የሚባሉ ሽማግሌ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። የትነበርሽ አላለቀሰችም። ፀደይ ብቻ ሬሳው ጉድጓድ ሲወርድ በአንድ ጊዜ ጮኸች፤ ሰዎች የአባት ሞት መስሏቸው ያዟት።

ከቀብሩ በኋላ በኀዘን ቤቱ ጉልባን ቀረበ። ዕንባቆም ሁለት ፍሬ ባቄላ አንሥተው ሳይቀምሱ መልሰው አኖሩት። ከሰዓት በኋላ በሐሙሱ ሥርዓት የምእመናኑን እግር ያጠቡት እሳቸው ነበሩ፤ ወልደ ዮሐንስ ለምኗቸው እንቢ ማለት አልቻሉም። ጎንበስ ብለው ውኃውን ሲያፈሱ ሰው ሁሉ እግሩን የሰጠው እየተንቀጠቀጠ ነው። ቅዱስ ያጠበው መስሎታል። እሳቸው የሚያዩት የተሰነጣጠቀ ተረከዝና ጭቃ ነበር፤ ቀና ማለት አልደፈሩም።

ዓርብ ስቅለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስግደት፣ ኪርያላይሶን፣ ንባብ፣ ስግደት። በጎንደርም፣ ዕንባቆም በዋሉበት በድብ ባሕርም ያው ነው። የስቅለት ስግደት ሲያበቃ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቀመጣሉ፤ ምእመን ተሰልፎ እየቀረበ በሳምንቱ የሠራውን ጥፋት ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርጎ ይህን ያህል ስገድ ይለዋል። የዚያን ቀን ሰልፉ ሁሉ ወደ ዕንባቆም ተጠመዘዘ። ሌሎቹ ካህናት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። «ዓሣ በላሁ» አላቸው አንዱ፤ «ለጎረቤቴ ክፉ ተናገርኩ» አለች አንዷ። አምስት ስገድ፣ አሥር ስገጂ። እጃቸው ይሠራል፣ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው።

ሰልፉ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት መጥታ ጎንበስ አለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። የትነበርሽ ነበረች።

«አንድ ኃጢአት አለብኝ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን በጥንቃቄ። «ባሌ ንስሐ ገባ ሲባል ሰማሁ። እንዳልገባ አውቃለሁ፤ የሚገባበት ነገርም አልነበረውም። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መቃብሩን እንዳይከለክሉት ፈርቼ ነው። ስንት ልስገድ?»

ዕንባቆም ወይራውን አነሡ፤ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። የሴትዮዋ ጀርባ ከፊታቸው ነው፤ በእርሻና በእንጨት የጎበጠ፣ አጥንቱ በቀሚሱ ላይ የሚቆጠር ጀርባ። በልጅነታቸው ቁራሽ እያቀበለች ያኖረቻቸው ይህች ሴት ናት። አሁን በነገሩ ሁሉ ኃጢአተኛ ነኝ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ዕንባቸው ያኔ መጣ። ወይራውን ጣሉት።

ተነሥተው ወልደ ዮሐንስ ወደተቀመጠበት ሄዱና በጉልበታቸው ወደቁ።  ታላቁ መምህር በደቀ መዝሙሩ እግር ሥር ተንበርክከዋል።

«ስሙኝ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮኸው። «ኃይለ ጊዮርጊስ ንስሐ አልገባም! የሚገባበት ጥፋት አልነበረውም። ሙሉውን ነው ያስተማረው፤ ጌታ ፈራ፣ የፈራውም አምላክ ነው ብሎ ነው ያስተማረው። ግማሹን ቆርጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወንበሩን ፈልጌ ነው። ትናንትም የዋሸሁት እኔ ነኝ። መናፍቁ እኔ ነኝ!»

ወልደ ዮሐንስ ፊቱ ተቀያየረ። ትንሽ ጊዜ፣ በጣም ትንሽ ጊዜ፣ ነገሩ የገባው መሰለ። ከዚያ ዓይኑ በዕንባ ሞላ።

«የኔታ» አለ፣ ሊያነሣቸው እየታገለ፤ «የኔታ፣ ተዉ ይህን፣ አይጉዱኝ። እህል ከቀመሱ ሁለት ቀንዎ ነው። ኀዘኑ ነው።»

«ኀዘን አይደለም! ዋሽቻለሁ እያልኩህ ነው!»

«ኧረ አይበሉ…»

ያኔ አያ ቢያዝን ከሕዝቡ መካከል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «እናንተ ሰዎች፣ አይታችኋል? የወዳጃቸውን በደል በራሳቸው ላይ አደረጉ! ጌታ የኛን እንደተሸከመ፣ በስቅለት ቀን የሟቹን ተሸከሙለት!»

ሕዝቡ አለቀሰ። መሬት የሳመም አለ። ዕንባቆም «አይደለም፣ አይደለም!» ሲሉ ለቅሶው ይብስ ጨመረ፤ አይደለም ማለታቸው ራሱ ትሕትና ሆነ። «ደብዳቤውን አምጣው» አሉት ወልደ ዮሐንስን፣ በትንፋሽ። «በላዩ ላይ ልጻፍበት። በእጄ ልጻፍበት።»

«ደብዳቤው እኮ ተዘግቷል የኔታ። ትናንት ከቀብሩ እንደተመለስን ‹ንስሐ ገብቶ ዐረፈ፤ ምስክር መምህር ዕንባቆም› ብዬ ጻፍኩበትና ማኅተም አደረግሁበት። አያ ኃይሌ ነጽቶ ነው የተኛው፤ ምን ሊያሳስብዎ?»

ወይራውን አንሥቶ የመምህሩን ጀርባ ነካ አደረገ፤ አቧራ የሚያራግፍ ያህል እንኳ አልመታቸውም። «ሦስት ይስገዱ» አለ እየተንሰቀሰቀ። ለሴትዮዋ ማንም ቁጥር ሳይነግራት ቀረ።

ሦስቱን ሰገዱ። ከዚያ ሰው መንገድ ለቀቀላቸውና ወደ አዲሱ መቃብር ሄዱ። የትነበርሽ ብቻዋን እዚያ ቆማ፣ የለቀቀውን ድንጋይ በእግሯ እያስተካከለች ነበር። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ተናገርኩ» አሉ። ልጅ ሆነው ነበር፤ እሺ የሚላቸው ፈልገው ነበር።

«ሰማሁ» አለች። «ሙሉውን ተናገርህ።»

ከስንት ዘመን በኋላ «አንተ» ስትላቸው ነው። ዕንባቆም ጠበቁ።

«እነሱ ግን የሚፈልጉትን ግማሽ ሰሙ፤ ሌላውን ጣሉት።» ድንጋዩን ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው። «እንዲህ አድርጎ መስማትን ማን አስተማራቸው፣ ዕንባቆም?»

 ከኋላቸው፣ በበሩ አጠገብ፣ ሕዝቡ አልተበተነም። ነገ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል መሳለም ሲፈቀድ የእሳቸውን ቀድሞ ለመሳለም ከአሁኑ ቦታ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር።